እንዶድና የነዳጅ ዘይት
(በደባርቅ ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ከደባርቅ እስከ ዳባት ባለው አገር ጋቢ በእንዶድ ሲታጠብ ያላየ ከመካከላችን የለም። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፣ በውኃ ይዘፈዘፋል፣ አረፋ ያወጣል፤ እድፉም ይለቃል። ይህ ሥራ ከነዳጅ ዘይት ጋር ምን እንደሚያገናኘው ልንገራችሁ።

የነዳጅ ዘይት ከምድር በታች እንደ ሐይቅ የተኛ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ እንዲህ አይደለም፤ ዘይቱ ያለው በአለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ነው። ጕድጓድ ሲቆፈር ጥቂቱ በራሱ ግፊት ይወጣል፤ ውኃ ሲገፋበትም ሌላ ይጨመራል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ግን ብዙውን ጊዜ ከግማሽ የሚበልጠው እዚያው ይቀራል። ውኃና ዘይት አይዋሐዱምና ጠብታው ከፀጉር በቀጠነው ቀዳዳ አንገት ላይ እንደ ተድቦለቦለ ይወተፋል።

ሳሙና የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሰርፋክታንት የሚባለው ነገር የቅንጣቱ አንድ ጫፍ ውኃን፣ ሌላው ቅባትን ይወዳል። እንደ አገራችን ሽማግሌ በድንበሩ ላይ ቆሞ ሁለቱን ያስታርቃል፤ ጠብታውም ለስልሶ ያልፋል። ነገር ግን የድንበሩ ውጥረት በሺህ እጥፍና ከዚያም በላይ መቀነስ አለበት። ለዚህ የሚያገለግሉት በአብዛኛው ከነዳጅ ዘይት ራሱ የሚሠሩ ሰልፎኔቶች ናቸው። በእንዶድ ያለው ሳፖኒን ዘመዳቸው ቢሆንም ብቻውን እዚያ አያደርስም። ጨዋማው ውኃና አለቱም ሳሙናውን ይበሉታል፤ ዋጋው የሚንረው በዚህ ነው። እንዶድ ነገ ነዳጅ ያወጣል የሚላችሁን አትመኑ።

ታዲያ ለምን አነሣሁት? ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ የሚገድለው ይኸው አረፋ መሆኑን መርምረው ደረሱበት፤ እ.ኤ.አ. በ1989ም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። አረፋውን ሁሉም ያይ ነበር፤ የጠየቁት ግን እርሳቸው ናቸው።

ከእግራችን በታች ያለው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነውና እዚህ ጕድጓድ ቆፍሩ አልልም። በኦጋዴን፣ በሂላላ፣ ግን እ.ኤ.አ. በ2018 የድፍድፍ ዘይት የሙከራ ምርት ተጀምሮ ነበር። የአለቱን ጠባይ፣ የውኃውን ጨው፣ የሳሙናውን መጠን የሚለካው ከየት ሊመጣልን ነው?

ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አያሻም። በአሸዋ በተሞላ ቱቦ ውስጥ የኑግ ዘይት አስገቡ፤ በውኃ እጠቡትና የወጣውን ለኩ። ከዚያ በእንዶድ ውኃ ድገሙት፤ የጨመረውንም ጻፉ። ፈቃደኛ የሆናችሁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አብረን እንጀምር። እጣቢውን ብቻ ወደ ወንዝ አትድፉ፤ ዓሣ ይገድላልና።