ከሐዘን በኋላ ጢም ስለ መላጨት



በአገራችን የቅርብ ዘመድ የሞተበት ወንድ ለሐዘኑ ምልክት ጢሙን ሳይላጭ የሚቆይበት ልማድ አለ። እኔም አባቴ ባረፉ ጊዜ እስከ ሙት ዓመታቸው ጢሜን አሳድጌ ነበር። ከተዝካሩ ማግስት ዓመት ሙሉ ተቀምጦ የከረመውን ባለ እጀታ ምላጬን አንሥቼ፣ የሥራ ሰዓት እንዳያልፍብኝ በጥድፊያ አገጬ ላይ ባሳርፈው ደሜ እስከ ኮሌታዬ ወረደ። እጅ የተወውን ሥራ ይረሳል፤ ባለቤቱ ግን እንደሚያውቅ ሆኖ ይደፍራል።

ስለዚህ እናንተም ከረጅም ጊዜ በኋላ ምላጭ ስታነሡ እንደ ጀማሪ ሁኑ። ረጅሙን ጠጉር አስቀድማችሁ በመቀስ አሳጥሩት። ፊታችሁን በሙቅ ውሃ አርሳችሁ የሳሙና አረፋ ቀቡት፤ የራሰ ጠጉር ይለሰልሳልና። ምላጩን በቆዳ ጠፍር ላይ ስታመላልሱት ስለቱ ሳይሆን ጀርባው ይቅደም። ከዚያም በሌላው እጃችሁ የፊታችሁን ቆዳ ወጥራችሁ፣ ምላጩን 30 ዲግሪ ያህል አዘንብላችሁ፣ ጠጉሩ በተኛበት አቅጣጫ በቀስታ ሳቡት። አትጫኑት፤ ወደ ጎንም አታንሸራትቱት። ምላጭ መዋዋስ ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ ጉበትን የሚጎዳው ቫይረስና ኤች አይ ቪ በደም ሊተላለፉ ይችላሉና።

እኔም ቍስሌ ከዳነ በኋላ እንዲሁ አድርጌ ብላጭ፣ በመስተዋቱ ውስጥ የአባቴን አገጭ አየሁት። ለካ ከጢሙ ሥር ቆይቶኝ ኖሯል። ሐዘን በችኮላ አይወጣም፤ የሐዘን ጢምም እንዲሁ ነው።