የጣቢያው ደጅ የማን ነው?



ንግግሬን በአንድ ቃል ልጀምር፤ ለገሃር። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ፍችው «ባቡር ጣቢያው» ማለት ነው። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ዛሬ ያ ባቡር ወደ ለገሃር አይመጣም፤ ሰው ግን አሁንም «ለገሃር እንገናኝ» ይላል። ባቡሩ ሲቀር ደጁ ቀረ ማለት ነው።

በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በሁለት መስመሮቹ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 39 ጣቢያዎች አሉት። እኔ በምኖርበት በቦሌ ሩዋንዳ ሐዲድ አያልፍም፤ ስለዚህ ባቡር ለመያዝ በታክሲ እስከ መገናኛ እሄዳለሁ። አመሻሽ ላይ እዚያ ቆሞ ላስተዋለ ሰው፣ ከሚያልፈው ይልቅ የሚቆመው ይበዛል። የታክሲ ሰልፍ አለ፤ ሊስትሮ አለ፤ በክረምት በቆሎ የምትጠብስ እናት አለች፤ የቀጠረውን ሰው የሚጠብቅም አለ። ከመስቀል አደባባይ እስከ ለገሃር ደግሞ ሐዲዱን የተሸከመው ድልድይ ለእግረኛው የዝናብና የፀሐይ መጠለያ ሆኗል። ማንም ለዚህ ብሎ አልሠራውም።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ለብዙ ዓመታት ጉሊት ቸርቻሪዋን በፕላን ላይ «የእግረኛ እንቅፋት» ብዬ አስተምሬያለሁ። አሳሳች ትምህርት ነበር። ከሥራ አምሽታ የምትመለስ ወጣት ከጣቢያው ስትወርድ የምትፈልገው ባዶና ሰፊ መንገድ ብቻ አይደለም፤ የሚያያት ሰውና የሚበራ መብራትም ጭምር ነው። የበቆሎዋ ፍም ይህን አገልግሎት ያለ ደመወዝ ይሰጣል።

ይህን ስል መጨናነቁን አላሞግስም። መተላለፊያ የተዘጋበት ዓይነ ስውርና በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ጉዳቱን ያውቁታል። እንዲሁም በሲኤምሲ በኩል ሐዲዱ በመንገዱ መካከል ታጥሮ ስለሚያልፍ፣ ከማዶ ያለው ሱቅ በዓይን ቅርብ፣ በእግር ግን ሩቅ ነው። ከባድ ዕቃ ለተሸከመና ለአዛውንት ይህ ርቀት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ጥያቄው ቸርቻሪዋ ትነሣ ወይስ ትቆይ የሚል ብቻ ሊሆን አይገባም። መተላለፊያው ሳይዘጋ የት ትቀመጥ? ጥላው፣ ውሃው፣ መጸዳጃው የት ይሁን? የሚሉት ናቸው የሙያችን ጥያቄዎች።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት የእግረኛ መንገዶች እየሰፉ ነው። መንገዱ መስፋቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ስፋት ብቻውን ደጅ አይሆንም።

ተማሪዎቼ፣ ለመስክ ሥራ ስትወጡ የሚያልፈውን ብቻ አትቁጠሩ። የቆመውንም፣ የተቀመጠውንም ቁጠሩ፤ ለምን እዚያ እንደሆነም ጠይቁት። ከዚያ በኋላ እርሳሳችሁን አንሡ።