ፎቶግራፍን ከነፈቃዱ ስለ መሰብሰብ



ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሽሬ የሚያቀና መንገደኛ ደባርቅን እንዳለፈ የሊማሊሞን ገደል በጥምዝምዙ መንገድ ይወርድና ከቆላው ዛሪማን ያገኛል። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን፣ ማለትም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የተሠራው ይህ መንገድ፣ የገደሉን ቁልቁለት፣ የጎርፉን መውረጃና የድንጋዩን ናዳ ባንድነት የሚያሳይ በመሆኑ ለመሐንዲስ እንደ ትምህርት ቤት ይቆጠራል። ስለ አካባቢው የጥናት ሪፖርት ወይም የሥልጠና መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ባለሙያም ፎቶግራፍ መፈለጉ አይቀርም። ዛሬ ይህ ባለሙያ በቅድሚያ የሚከፍተው እንደ ጉግል ያለውን የበይነ መረብ መፈለጊያ ነው፤ የሚያስፈልገው ብዙ ፎቶግራፍ ሲሆን ደግሞ አንድ በአንድ ከመልቀም ይልቅ ኮድ ጽፎ ኮምፒዩተሩ እንዲሰበስብለት ያደርጋል። የዚህ ንግግር ዓላማ፣ ይህ ሥራ እንዴት ቢከናወን ሕግን፣ እውነትንና የሰውን ክብር እንደሚጠብቅ ማመልከት ነው።

በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው፣ «ነጻ ፈቃድ» ማለት «ባለቤት የሌለው» ማለት አለመሆኑ ነው። ክሪኤቲቭ ኮመንስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ተቋቁሞ በ2002 የመጀመሪያዎቹን ፈቃዶች ሲያወጣ፣ ያደረገው የባለቤትን መብት መሻር ሳይሆን፣ ባለቤቱ ለማያውቀው ሰው አስቀድሞ ፈቃዱን የሚገልጥበትን ቃል ማዘጋጀት ነው። ሲሲ ባይ የሚባለው ፈቃድ ተጠቃሚው የፎቶግራፍ አንሺውን ስም እንዲጠቅስ፣ ፈቃዱን እንዲያመለክትና ለውጥ አድርጎ እንደ ሆነ እንዲገልጽ ያስገድዳል። ሲሲ ባይ ኤስኤ የሚባለው ደግሞ፣ ከፎቶግራፉ የተገኘው አዲስ ሥራ በዚያው ፈቃድ እንዲሰራጭ በተጨማሪ ይጠይቃል። ኤንሲ የሚል ምልክት ያለበት ሥራ ለንግድ አይውልም፤ ኤንዲ የሚል ያለበት ተለውጦ አይሰራጭም። ባለቤቱ ሕግ እስከ ፈቀደለት ድረስ መብቱን የሚለቅበት ሰነድ ሲሲ ዜሮ ይባላል። እንግዲህ ፎቶግራፉን አንሥቶ ፈቃዱን የተወ ኮድ የሰበሰበው፣ ባለቤቱ የማይታወቅ ዕቃ ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው የአባቶች አነጋገር ለዚህም ይሠራል።

የኢትዮጵያ ሕግም ከዚህ የራቀ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ፎቶግራፍን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች ይቆጥራል። የፎቶግራፍ ኢኮኖሚያዊ መብት ሥራው ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ይጸናል፤ የሥራ አመንጪው ስሙ እንዲጠቀስለት የሚጠይቅበት የሞራል መብትም ታውቆለታል።

ሁለተኛው ነጥብ፣ የመፈለጊያው ገጽ ጠቋሚ እንጂ ምንጭ አለመሆኑ ነው። ጉግል ፎቶግራፎችን በፈቃዳቸው ዓይነት የሚለይ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ2009 አቅርቧል። ማጣሪያው ግን የሚመካው በየድረ ገጹ ላይ ስለ ፎቶግራፉ በተጻፈው መረጃ ነው። አንድ ሰው የሌላውን ሥራ ያለ ፈቃድ ለጥፎ «ነጻ ነው» ብሎ ቢጽፍ፣ መፈለጊያው የቃሉን እውነተኛነት አይመረምርለትም። ከዚህም ሌላ፣ ድረ ገጾች የትኛው ክፍላቸው ለፕሮግራሞች እንደተፈቀደና የትኛው እንደተከለከለ የሚያስታውቁበት ሮቦትስ ዶት ቲኤክስቲ የተባለ ፋይል አለ። ይህ ልማድ እ.ኤ.አ. በ1994 ተጀምሮ በ2022 በመደበኛ የቴክኒክ ሰነድ ተደንግጓል። ጉግልም በዚሁ ፋይል የፍለጋ ውጤት ገጾቹን ለፕሮግራሞች ከልክሏል። ስለዚህ የውጤቱን ገጽ በኮድ የሚለቅም ሰው በአንድ በኩል ክልከላን ይጥሳል፤ በሌላ በኩል ያልተረጋገጠ መረጃ ይዞ ይመለሳል።

ትክክለኛው መንገድ ከጠቋሚው አልፎ ወደ ጎተራው መሄድ ነው። ዊኪሚዲያ ኮመንስ እ.ኤ.አ. በ2004 የተከፈተ ሲሆን ከ100 ሚሊዮን በላይ ፋይሎችን ይዟል፤ ንግድን ወይም መለወጥን ብቻ በሚከለክል ፈቃድ የቀረበ ሥራም አይቀበልም። ኤፒአይ በሚባለው ለፕሮግራሞች በተዘጋጀው በር የገባ ኮድ፣ የፋይሉን አድራሻና መጠን፣ የአንሺውን ስም፣ የፈቃዱን ስምና ሙሉ ቃሉ የሚገኝበትን አድራሻ በአንድ ምላሽ ያገኛል። የቤቱ ደንብ የሚጠይቀው፣ ፕሮግራሙ ማንነቱንና ኃላፊው የሚገኝበትን አድራሻ እንዲናገር፣ ጥያቄውንም በተራ እንጂ በጎርፍ እንዳያቀርብ ነው። ይህ በየትኛውም ቤት ከሚገባ እንግዳ የሚጠበቅ ጨዋነት ነው።

በዛሪማ ላይ ግን ሌላ ችግር ይነሣል፤ ይኸውም የስም ችግር ነው። ዛሪማ «ዛሬማ» ተብሎም ይጻፋል፤ ሊማሊሞ «ልማሊሞ»፣ ጎንደርም «ጐንደር» ይሆናል። በላቲን ፊደል ሲጻፉ ልዩነቱ ይበዛል። ለአንባቢ እነዚህ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን የተለያዩ ቃላት ናቸው። ስለዚህ ኮዱ ከማነጻጸሩ በፊት ሀን፣ ሐንና ኀን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን ወደ አንድ ሊመልስ፣ የታወቁትንም አጻጻፎች ሁሉ በየተራ ሊጠይቅ ይገባል። ሁለተኛው መፍትሔ ስሙን ትቶ በቦታ መለኪያ መፈለግ ነው፤ የኮመንስ ኤፒአይ ከተሰጠው ነጥብ እስከ 10 ኪሎ ሜትር ርቀት ያሉትን ፎቶግራፎች ይዘረዝራል። በዚህም ቢሆን ጥንቃቄ ያሻል፤ መለኪያው ብዙውን ጊዜ ካሜራው የቆመበትን ስፍራ የሚያመለክት ስለ ሆነ፣ ከሊማሊሞ አፋፍ ወደ ቆላው የተነሣ ፎቶግራፍ የገደሉን እንጂ የቆላውን ቁጥር አይዝም።

ይህ ጥንቃቄ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከሌላ አገር የተነሣ ተዳፋት «የዛሪማ መንገድ» ተብሎ በሥልጠና መጽሐፍ ቢታተም፣ ወጣቱ መሐንዲስ ስለ አለቱና ስለ ውሃ መውረጃው የሚማረው ሐሰት ነው። ናዳን ከፎቶግራፍ እንዲለይ የሚሠለጥን ፕሮግራምም ያንኑ ስሕተት ይወርሳል።

ስለዚህ ኮዱ ከእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ጋር መዝገብ ሊይዝ ይገባዋል። በመዝገቡም የፋይሉ ስም፣ የምንጩ ገጽ አድራሻ፣ የአንሺው ስም፣ የፈቃዱ ዓይነትና የቅጹ ቁጥር፣ የተወሰደበት ቀንና የተደረገበት ለውጥ ይሰፍራሉ። ቀኑ የሚያስፈልገው፣ የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ አንዴ ከተሰጠ የማይሻር ስለ ሆነ፣ ባለቤቱ ኋላ ሐሳቡን ቢለውጥ ተጠቃሚው በቅን ልቡና መውሰዱን ለማስረዳት ነው። ፈቃዱ ያልታወቀ ፎቶግራፍ ለብቻው ይቀመጥ፤ ሰው ገጹን በዓይኑ ሳያይም አይታተም።

ኮድ ሊመዝነው የማይችለው ነገርም አለ። ፈቃዱ የፎቶግራፍ አንሺው ነው፤ በፎቶግራፉ የሚታየው ሰው ፈቃድ ግን ከዚያ ውስጥ የለም። በመንገድ ዳር የቆመ ሕፃን ወይም ሸክም ተሸክማ ዳገት የምትወጣ እናት፣ በሕግ ነጻ በሆነ ፎቶግራፍ ውስጥ ቢገኙም፣ ለድህነት ምሳሌ ተደርገው እንዲቀርቡ አልተስማሙም። የመጨረሻው ምርጫ ለሰው ኅሊና መተው ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

በመጨረሻም፣ ጎተራው የሚሰጠው የገባለትን ብቻ ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978፣ የጎንደር ፋሲል ግቢ በ1979 በዓለም ቅርስ መዝገብ ስለ ገቡ የጎብኚ ካሜራ አይለያቸውም፤ ዛሪማን የመሰሉ ከተሞች ግን ከመኪና መስኮት ታይተው ይታለፋሉ። ጉድለቱን ሊሞሉ የሚችሉት፣ ለሥራ ወደ እነዚህ ቦታዎች የሚመላለሱት የማኅበሩ አባላት ናቸው። አንድ ባለሙያ ድልድዩን፣ ተዳፋቱንና የውሃ መውረጃውን አንሥቶ፣ ቀኑንና የቦታውን መለኪያ ጽፎ፣ ስሙንም በሁለቱም አጻጻፍ አስፍሮ በነጻ ፈቃድ ቢያስቀምጥ፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ኮድ ዛሪማን ሲፈልግ ዛሪማን ያገኛል።