የልጆቻችን መጫወቻና የንብረት መዝገቡ

(በሰፈራችን ማኅበር አዳራሽ በነዋሪዎች ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከልጆች ክፍል ኮሚቴ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ ልጆች መጫወቻ ለመናገር ነው። «ለመጫወቻ ደግሞ ስብሰባ?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገሩ ከመጫወቻ ያለፈ ስለሆነ ጥቂት ደቂቃ ታገሡን።

እንደሚታወቀው፣ በአዳራሻችን ጥግ ባሉት ሦስት ባለ ክዳን ሣጥኖች ውስጥ ሌጎ የሚባለው የመገጣጠሚያ ጡብ አለ። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ልጆቻቸው ሲያድጉባቸው በሻንጣ ጥግ እየወሸቁ የላኩልን ነው። ገሚሱ ከነካርቶኑ፣ ገሚሱ በፌስታል ተቋጥሮ መጣ። እኛም ደስ ብሎን ሣጥን ውስጥ ዘረገፍነው። ማን ምን እንደሰጠ፣ ስንት ፍሬ እንደገባ አልጻፍንም። ጥፋታችን የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ባለፈው ክረምት ልጆቹ የእሳት አደጋ መኪናውን ሲገጣጥሙ ሁለት ጎማ ጎደለ። ፈለግን፣ አጣን። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» ተባለና የአንድ ልጅ ስም ተነሣ። ለምን? ሁልጊዜ መጨረሻ የሚወጣው እሱ ስለሆነ ብቻ። ሌላ ማስረጃ አልነበረንም። ልጁ እያለቀሰ ወደ ቤቱ ሄደ፤ እናቱም ከዚያን ቀን ጀምሮ አልላኩትም።

ከዚህ በኋላ ነው ቆጠራ ይደረግ የተባለው። ለመቁጠር ደግሞ በመጀመሪያ ምን መኖር እንደነበረበት ማወቅ ያስፈልጋል። በመሆኑም ለላኩልን ሁሉ እየደወልን የዕቃውን ቁጥር ጠየቅን። መኪናውን የላኩልን እኅታችን ቁጥሩን ከነገሩን በኋላ፣ «ሁለት ጎማ ግን የለውም፤ ልጄ ገና እዚህ እያለ ነው የጣለው» አሉን። እንዴ! ጠፋ ያልነው ዕቃ ለካ ጭራሹን አልመጣም ነበር።

በዚያው ምሽት ከኮሚቴው ሦስታችን እቤታቸው ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። እናቱ ቡና አፍልተው ተቀበሉን። ልጁ ግን ወደ አዳራሹ ለመመለስ ሁለት ሳምንት ፈጀበት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ!

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራችሁ ታውቁታላችሁ። ዕቃ ግምጃ ቤት ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጥለታል፤ ሲወጣ ሞዴል 22። እኛም በመጀመሪያው ቀን «መኪና አንድ፣ ሁለት ጎማ የጎደለው» ብለን ብንጽፍ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

አሁን መዝገቡን የምንይዘው በኢንተርኔት ነው። «ደብተር ምን አለው?» ብላችሁን ነበር። የሌጎ ካርቶንና የመሥሪያ መመሪያው ሽፋን ላይ የዕቃው ቁጥር ታትሟል። ሪብሪከብል የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ያን ቁጥር ስናስገባ፣ የቁራጮቹ ዝርዝር ከነሥዕሉ፣ ከነቀለሙና ከነብዛቱ ይመጣል። የእኛ ድርሻ ከሣጥኑ ጋር አመሳክሮ የጎደለውን መመዝገብ ነው። በደብተር ቢሆን ይህን ሁሉ ሥዕል ማን ይሥለው ነበር?

ካርቶንም መመሪያም የሌለውስ? ቁራጩን ገልብጦ ማየት ነው። በብዙዎቹ ሆድ ውስጥ ጥቃቅን ቁጥር አለ። በላዩ ሁለት በአራት ጉብ ጉብ ያለው ጡብ 3001 ነው፤ ሁለት በሁለቱ 3003፣ አንድ በሁለቱ 3004። ይህ ቁጥር ቅርጹን እንጂ ቀለሙን ስለማይናገር፣ ቁጥርና ቀለም አብረው ይጻፋሉ። ቀለም ላይ አንድ ጊዜ ተሳስተናል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2004 ግራጫውን ለውጦታል፤ አዲሱ ወደ ሰማያዊ ያደላል። እኛ ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥረን እንደገና ስንለቅም ዋልን።

ሌላው ስሕተታችን አለያየቱ ነበር። በመጀመሪያ በቀለም ለየን። ከጥቁር ክምር ውስጥ አንዲት ትንሽ ጥቁር ቁራጭ ማግኘት ግን ዓይን አጠፋ። በቅርጽ ስንለይ ቀለሙ ራሱ ከሩቅ ይጠራል። ስለዚህ በቤታችሁ የምትሞክሩ በቅርጽ ጀምሩ።

ጥቅሙስ? ድረ ገጹ ያለንን አይቶ በዚህ ምን ምን መሥራት እንደሚቻል ይነግረናል። የጎደለውን ደግሞ ብሪክሊንክ በተባለው ገበያ በፍሬ የሚሸጡ አሉ። ሁለቱ ጎማዎች የተገኙት ከዚያ ነው፤ አንድ ጎረቤታችን ከጉዞ ሲመለሱ በኪሳቸው ይዘውልን መጡ። አሮጌ ነው ተብሎ የሚጣልም የለም። እ.ኤ.አ. በ1958 በዴንማርክ የተሠራው ጡብ ዛሬ ከሚሠራው ጋር ይገጥማል። ባለ ሁለት በአራቱ ጡብ ስድስት ብቻ ቢሆን እንኳ በ915,103,765 ዓይነት ይገጣጠማል፤ ልጆቻችን በቶሎ አይሰለቹትም ማለት ነው።

እንግዲህ ከእናንተ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

1ኛ/ መጫወቻ የምትሰጡን ቁጥሩንና የጎደለውን አብራችሁ ንገሩን። የጎደለው ዕቃ አያሳፍርም፤ አለመነገሩ ነው ያስቸገረን።

2ኛ/ ልጅ ወደ ቤት ይዞ ሲሄድ ወላጅ ይፈርም። ሲመልስም ፊርማው ይሰረዝለት።

3ኛ/ ወለል ላይ የወደቀ ቁራጭ ያያችሁ አንሡ። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን አፉ ውስጥ ከከተተው ሊያንቀው ይችላል።

4ኛ/ ኔትወርክ እየጠፋ ስለሚያስቸግር የመዝገቡ ግልባጭ በየወሩ ታትሞ በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። የመግቢያው የምሥጢር ቃልም አንድ ሰው ሲታመም ሥራ እንዳይቆም በሁለት ሰዎች እጅ ነው። የልጆች ስም ኢንተርኔቱ ላይ አይጻፍም።

ወገኖቻችን፣ መዝገብ ሲባል ሌባ ለመያዝ የሚመስለው ብዙ ነው። እኛ ያየነው ግን ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ንጹሑን ልጅ መሆኑን ነው።

በሚመጣው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስተኛውን ሣጥን እንቆጥራለን። ዓይናችሁ የሚያይ፣ ጊዜ ያላችሁ ኑ። መነጽር ያላችሁም ያዙ፤ ቁጥሩ በጣም ደቃቅ ነው። እያነበበ የሚጠራልን ያ ልጅ ነው።



የልጆች ክፍል ኮሚቴ