መኪና ሲንቀጠቀጥ ዝም አንበል
(ለሾፌሮችና ለጋራዥ ሠልጣኞች የተደረገ ንግግር)



እዚህ ካኩማ ወላድና በሽተኛ የምታመላልሰው አሮጌ ፒክአፕ ከ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስታልፍ ከወለሏ በታች ትንቀጠቀጥ ጀመር። ጎማዎቹን አቀያየርን፤ አልተሻላትም። በችኮላ ዲፈረንሻሉን ልንፈታ ስንል አንድ አዛውንት ባልደረባችን «መጀመሪያ ጠይቋት» አሉን።

በዚያው ፍጥነት ማርሹን ዜሮ አደረግን። መንቀጥቀጡ አልቀረም፤ እንግዲያው ጥፋቱ የሞተር አይደለም። መሪው ቢንቀጠቀጥ የፊት ጎማን እንጠረጥር ነበር። የተንቀጠቀጠው ግን መቀመጫው ነው፤ ስለዚህ ወደ ትራንስሚሽኑ ዘንግ ሄድን።

ሞተሩን አጥፍተን፣ ጎማዎቹን በድንጋይ አግደን፣ ዘንጉን በእጃችን ነቀነቅነው። የኋላው ክሮቼራ ይላወሳል፤ ዙሪያውንም ዝገት የመሰለ ቀይ ዱቄት ይዟል። ግሪስ ካየ ቆይቷል ማለት ነው። ከመፍታታችን በፊት በቀለም ምልክት አደረግን፤ የዘንጉ ሁለት ሹካዎች አቅጣጫቸው ከተዛባ አዲስ ክሮቼራ ቢገባም መንቀጥቀጡ አይጠፋምና።

ችላ ብንለው ኖሮ ክሮቼራው ተሰብሮ ዘንጉ መንገድ ላይ ይወድቅ ነበር። ከላይ የተጫነው ደግሞ የሰው ነፍስ ነው። ሾፌሮች ሆይ፣ ማርሽ ስትቀይሩ «ቋ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ሳታድሩ ንገሩን።