የሞተር ሰሌዳ ንባብና የኦቨርሎድ ሪሌ ልክ



በሞተር አካል ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ሰሌዳ በአምራቹና በተጠቃሚው መካከል የቆመች ውል ናት። ተከታታይ ቁጥሩ የሞተሩን ትውልድ ከአምራቹ መዝገብ ለማግኘት ይረዳል፤ ከቃጠሎ የሚያድኑት ግን የቮልትና የአምፔር አኃዞች ናቸው።

ለምሳሌ 15 ኪሎዋት፣ 380/660 ቮልት፣ 50 ሄርዝ የሚል፣ በ380 ቮልት 30 አምፔር የሚስብ ሞተር ይወሰድ። በኮከብ ተነሥቶ በዴልታ ሲሠራ በእያንዳንዱ ጥቅል የሚያልፈው የመስመሩ 0.58 እጅ፣ ማለትም 17.4 አምፔር ነው። ስለሆነም ከጥቅሎቹ ጋር በተከታታይ የተገጠመ ሪሌ ልኩ 17.4 እንጂ 30 ሊሆን አይገባም። በ30 ላይ የተተወ እንደ ሆነ መስመሩ 52 አምፔር ሲደርስ እንኳ ሪሌው ዝም ይላል፤ በጥቅሉ ውስጥ የሚፈጠረውም ሙቀት ሦስት እጥፍ ይሆናል።

ከፍታም ሊዘነጋ አይገባም። የሰሌዳው ኃይል በተለምዶ የሚታሰበው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ነው። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ስሱ አየር ሞተሩን በሚገባ አያቀዘቅዝም። ስለዚህ ለከፍታ ተብሎ ያልተሠራ ሞተር ጭነቱም የሪሌው ልክም ዝቅ ይበል።

ሪሌው በቆረጠ ቁጥር ልኩን ከፍ ማድረግ ሥራውን ለጊዜው ያስቀጥል ይሆናል። ነገር ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።