ፀሐይ በማንም ምክንያት አትጋረድም



የተከበራችሁ የመስጊዳችን ጀመዓዎች! ሰኔ 14 ቀን 2012 እሑድ ጠዋት ያየነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። 2 ሰዓት ገደማ ላይ ፀሐይ በላሊበላ አካባቢ የእሳት ቀለበት ሆነች፤ እዚህ ደሴ ደግሞ ማጭድ መሰለች። ብርሃኑ ደበዘዘ፤ ብርድ ብርድ አለን።

በዚያ ሳምንት አንዲት እናት እያለቀሰች መጣች። «ሼኽ፣ ልጄ የተወለደው ፀሐይ በጨለመችበት ሰዓት ነው፤ ጎረቤቶቼ ገደ ቢስ ነው ይሉታል፤ እውነት ነው ወይ?» አለችኝ። የዛሬው ንግግሬ ያን ጊዜ ለእርሷ የሰጠሁት መልስ ነው።

በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ የነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ኢብራሂም በሕፃንነቱ ሞተ። በዚያው ቀን ፀሐይ ተጋረደች። ሰዎችም ለኢብራሂም ሞት ተጋረደች አሉ። ልብ በሉ! ወሬው ላዘነ አባት ክብር የሚጨምር ይመስል ነበር። ነብዩ ግን አልተቀበሉትም። ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ምልክቶች ሁለቱ መሆናቸውን፣ ለማንም መሞትም ሆነ መኖር እንደማይጋረዱ አስተማሩ፤ ወደ ሶላት፣ ወደ ዱዓና ወደ ሰደቃ እንድንሮጥም አዘዙ። ለእርሳቸው ልጅ ያልተጋረደች ፀሐይ ለጎረቤታችን ሕፃን ትጋረዳለችን?

ግርዶሽ የሚሆነው ጨረቃ በፀሐይና በምድር መካከል ስታልፍ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜም በጨረቃ ወር መጨረሻ ላይ ይውላል፤ ያ ቀንም ሸዋል 29፣ 1441 ነበር። ጨረቃ ከምድር ራቅ ብላ ስለነበረች ፀሐይን ሙሉ በሙሉ አልሸፈነቻትም፤ ዳር ዳሩ ቀለበት ሆኖ የቀረው ለዚህ ነው። ሊቃውንት ቀኑን ከብዙ ዓመት በፊት አስልተው ያውቁታል። ይህም አላህ ሰማይን በሥርዓት እንዳቆመ ያሳያል እንጂ እምነትን አይቀንስም።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ኢንሻአላህ ፀሐይ በመካ ሰማይ 5 ደቂቃ ያህል ሙሉ በሙሉ ትጋረዳለች፤ በአገራችን በከፊል ይታያል። አደራ፣ ልጆቻችሁ በባዶ ዓይን እንዳይመለከቱ! ጥላሸት የተቀባ መስታወት፣ የራጅ ፊልምና ተራ የፀሐይ መነጽር ዓይንን አያድኑም፤ ቃጠሎውም ሲጎዳ አያምም። ያለ አዛንና ያለ ኢቃማ «አስሶላቱ ጃሚዓ» ሲባል ስትሰሙ ኑ። ሶላቱ 2 ረከዓ ነው፤ በእያንዳንዱ ረከዓ 2 ሩኩዕ አለው።

ያ ሕፃን ዛሬ ከመድረሳችን ልጆች አንዱ ነው። ከእንግዲህ በሰፈራችን ገደ ቢስ የሚባል ልጅ አይኑር።

ወስሰላሙ ዓለይኩም።